ዳገት ላይ ጉልበት እያጣች ሊምፕ ሞድ የምትገባ ናፍጣ ፒክአፕ፤ እውነት ቱርቦው ነው?

የሱሉልታ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። መኪናዬ 2.5 ሊትር ናፍጣ ፒክአፕ ናት። ማንዋል ናት። ቱርቦዋ ውስጡ ተንቀሳቃሽ ምላጭ ያለው ዓይነት ነው፣ በቫኪዩም፣ ማለትም በአየር መሳብ፣ ነው የሚታዘዘው። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ጠዋት ወተት ጭኜ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ከሰዓት የከብት መኖ ጭኜ እመለሳለሁ።

ችግሩ ስመለስ ነው። አዲሱ ገበያን አልፌ ከድል በር በኋላ ዳገቱን ስጀምር ደህና ትሄዳለች። መሃል ላይ ድንገት ጉልበቷ ቁርጥ ይላል። ቼክ ኢንጂን ይበራል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ከ2,500 ዙር አታልፍም፣ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትኩ ነው ጫፍ የምደርሰው፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ በክላክስ ነው። ዳር ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳት ግን ጉልበቷ ይመለሳል። መብራቱ ብቻ ይቀራል። ባዶዋን ስትሆን ወይም ሜዳ ላይ ምንም የለም።

አንድ ጋራዥ ወስጄ በኮምፒውተር አዩልኝ። ፒ0299 የሚል ኮድ ወጣ። ወዲያው «ቱርቦው አልቋል፣ ይቀየር» አሉኝ። ኮፈኑን ከፍቶ ያየ ሰው እንኳ የለም። አዲሱ አይቀመስም። ያገለገለ ከሶማሌ ተራ እናምጣልህ አሉኝ፣ እሱም ዋስትና የለውም። ብሩን ከማውጣቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሰማያዊ ጭስ የለም። ስረግጣት ትንሽ ጥቁር ጭስ አለ። ዳገት ላይ «ፉሽሽ» የሚል ድምፅም እሰማለሁ፣ ድሮ አልነበረም።

መካኒኩ ከለገጣፎ

ወንድሜ ብርህን ያዝ። መኪናህ ገና አልተመረመረችም። ኮድ ማንበብ ሌላ፣ መመርመር ሌላ።

ሊምፕ ሞድ የሚባለው የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተሩን ለማዳን ብሎ ኃይል የሚቀንስበት ሁኔታ ነው። ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ ከቱርቦው ይህን ያህል የአየር ግፊት ይምጣልኝ ብሎ ያዛል። ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት በሚያነበው በማፕ ሴንሰሩ በኩል የመጣውን ይለካል። የታዘዘውና የመጣው ለተወሰኑ ሰከንዶች ካልተቀራረቡ ኮድ ይመዘግብና ኃይሉን ይቆርጣል። የመጣው ካነሰ ፒ0299 ነው፣ ከበዛ ፒ0234። በቃ ይኸው ነው። ፒ0299 የታዘዘው ግፊት አልደረሰም ይላል እንጂ ለምን እንዳልደረሰ አይናገርም። አየሩ መንገድ ላይ እያመለጠ ሊሆን ይችላል፣ ቱርቦውን የሚያዘው ቫኪዩም ሳይደርሰው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ ሊሆን ይችላል፣ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ቱርቦውን ማሽከርከር የነበረበት ጭስ በዚያ በኩል እየዞረ ሊሆን ይችላል፣ ሴንሰሩ በጥላሸት ተደፍኖ የተሳሳተ ቁጥር እየሰጠ ሊሆን ይችላል። ቱርቦው ራሱ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው።

አጥፍተህ ስታስነሳ መመለሷ ትልቅ ፍንጭ ነው። ብዙ መኪና ላይ ቁልፍ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ገደቡን ያነሳና እንደገና ይሞክራል። ምላጩ የተሰበረ ወይም ዘንጉ የተበላ ቱርቦ ቁልፍ ስለጠፋ አይድንም። ያንተ ግን ተነስታ ትጎትታለች። ስለዚህ ጭነት ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ወይም የቫኪዩም መስመር ነው የምጠረጥረው። «ፉሽሽ» ያልከውም ወደዚያው ነው የሚወስደኝ።

አሁን ምንም ሳትፈታ እነዚህን እይልኝ። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የቱርቦውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው)፣ ከኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄዱትን ወፋፍራም ጎማዎች ከታች በኩል በእጅህ ዳብሳቸው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ወይም ክላምፑ ስር ነው የሚደበቀው፣ ቆሞ ለሚያይ አይታይም። ዘይት የጠገበ አቧራ የተለጠፈበት ቦታ ካገኘህ አየሩ የሚወጣው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ቁልፉን ያዙርልህና አንተ የቱርቦውን መጎተቻ ዘንግ ተመልከት። ሞተሩ ሲነሳ ዘንጉ ሳብ ማለት አለበት፣ ሲጠፋ ይመለሳል። ካልተንቀሳቀሰ ቫኪዩም የለም ወይም ዘንጉ ተጣብቋል። ሦስተኛ፣ ርካሿ የብሉቱዝ ኦቢዲ (ኮድ ማንበቢያ) እንኳ ብትሆን አግኝና ቁልፍ ከፍተህ ሞተር ሳታስነሳ ማፕ ሴንሰሩ ስንት እንደሚያነብ ንገረኝ።

ቡራዩ 4በ4

እኔም ይሄው ኮድ መጥቶብኝ ነበር። ማፕ ሴንሰር ነው፣ ቀይረው ትገላገላለህ። የእኔ ሞተር ሳይነሳ 77 ኪሎፓስካል ነበር የሚያነበው። 100 ወይም 101 መሆን አለበት ይላል ያየሁት ቪዲዮ ሁሉ።

መካኒኩ ከለገጣፎ

ቡራዩ ወንድሜ፣ ሴንሰርህ ደህና ነው። እንዲያውም ልክ የሚሠራ ሴንሰር አዲስ አበባ አካባቢ 77 ገደማ ነው ማንበብ ያለበት።

ይቺን ነገር ሁሉም ቢያውቃት ደስ ይለኛል፣ ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ሴንሰር ጥሏል። ማፕ ሴንሰር የሚለካው ፍጹም ግፊትን ነው። ሞተር ሳይነሳ የሚያሳየው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። 101 ኪሎፓስካል የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እነዚያ ቪዲዮዎች የሚናገሩት ለዚያ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ 76 ወይም 77 ነው የሚሆነው። ሱሉልታ ከፍ ስለምትል 73 ወይም 74። የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ እዚያ ላይ 70 እና 71 ይወርዳል። ቢሾፍቱ ብትወርድ ወደ 80 ይጠጋል፣ አዳማ 82 ወይም 83። መኪናው ለብቻው የከባቢ አየር ግፊት ሴንሰር ካለው ሁለቱን አስተያያቸው። ሞተር ጠፍቶ እኩል ወይም በጣም ተቀራራቢ ካነበቡ ማፕ ሴንሰሩ ንጹሕ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በስካነር የምታዩት 150 ኪሎፓስካል ሁሉም የቱርቦ ሥራ አይደለም። ከውስጡ የአካባቢውን ግፊት ቀንሱ። ባሕር ጠለል ላይ 150 ማለት ቱርቦው 49 ጨመረ ማለት ነው። እዚህ ከ76 ተነስቶ 150 ከደረሰ 74 ጨምሯል። ለተመሳሳይ ቁጥር የእኛ ቱርቦ የበለጠ ይለፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ለዚህ ነው አምራቾች ከፍታ ላይ ኮምፒውተሩ የሚያዘውን ግፊት ዝቅ እንዲያደርግ የሚያዘጋጁት፣ ቱርቦው ከልኩ በላይ እንዳይሽከረከር። ለዚህም ነው ጅቡቲ ወደብ ላይ የማይሰማ ትንሽ ስንጥቅ የእንጦጦ ዳገት ላይ መኪና የሚያቆመው።

የጋላፊ መስመር

ጋሼ የተናገሩት እውነት ነው። እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ ጅቡቲ መስመር። ታች አፋር ላይ መኪናው ሌላ ነው፣ ትንፋሹ ሰፊ ነው። አዋሽን አልፌ ወደ አዳማ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ስጀምር ያው ጭነት ይዞ ይከብደዋል። አንድ ጊዜ የኢንተርኩለር ጎማ ተሰንጥቆብኝ ታች ላይ ምንም አላወቅሁም፣ ዱከም ስደርስ ነው ጥቁር ጭስ መትፋት የጀመረው።

ለሱሉልታው ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። የናፍጣ ፊልትሮህንም አትርሳ። የታፈነ የናፍጣ ፊልትሮ ዳገት ላይ እንደዚሁ ጉልበት ይነሳል።

መካኒኩ ከለገጣፎ

ትክክል፣ ስሜቱ አንድ ነው። ግን የነዳጅ ግፊት ሲወርድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፒ0087 ነው። የእሱ የአየር ኮድ ስለሆነ ከአየሩ እንጀምር።

የሰንዳፋዋ

ጋሼ ይቅርታ በሰው ጥያቄ መሃል ገባሁ። የትምህርት ቤት ልጆች የማመላልስበት ናፍጣ ሚኒባስ አለኝ። ቱርቦው ተቀየረ፣ ብዙም ሳይቆይ ያ የተቀየረውም ማፏጨት ጀመረ። አሁን የቱርቦውን የአየር ጎማ ሲፈቱት ውስጡ ዘይት አለው። የገዛሁት ቱርቦ የማይረባ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው? ልጆች ስለምጭን ፈርቻለሁ።

መካኒኩ ከለገጣፎ

እህቴ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ።

ጎማው ውስጥ ስስ የዘይት ቅባት መኖሩ ብቻውን አያስፈራም። የሞተሩ መተንፈሻ ወደዚያ ነው የሚተነፍሰው። ጎማው ሲፈታ የሚፈስ፣ የሚጠራቀም ዘይት ከሆነ ግን ጉዳይ ነው። ሰማያዊ ጭስ አለ ወይ? ዘይት ቶሎ ቶሎ ትጨምሪያለሽ ወይ? መካኒክሽ በቱርቦው ውስጥ የሚሽከረከረውን ዘንግ ይንካው። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው፣ ዘንጉ በዘይት ላይ ተንሳፎ ነው የሚሽከረከረው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚገፋ የሚጎተት ከሆነ ወይም እሱ ላይ የሚዞረው ምላጭ ግድግዳውን የነካበት ጭረት ካለ አልቋል።

ቱርቦ ተቀይሮ አዲሱም ሲሞት ግን ቱርቦውን ከመውቀስ በፊት ዘይቱን ጠይቁ። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ዘይት ለአፍታ ሲቋረጥበት ይበላል። ዘይት የሚያመጣለት ቀጭን ቱቦ በከሰለ ዘይት ከጠበበ፣ ወይም የሚመልሰው ቱቦ ከተዘጋ፣ የፈለግሽውን አዲስ ቱርቦ ብታስገቢ ይገድለዋል። አሮጌውን ቱቦ ሳይቀይሩ አዲስ ቱርቦ የሚገጥሙ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። የሰው ብር ነው የሚቃጠለው።

ሞተርሽ 1ኬዲ የሚባለው ባለ 3.0 ሊትሩ የቶዮታ ሞተር ከሆነ ደግሞ በዓለም ሁሉ የሚታወቅ ነገር አለ። ኢንጀክተሩ ስር ያለው የመዳብ ማኅተም ሲያፈስ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል፣ ታች ካርተር (የዘይት ገንዳው) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ቱርቦው ብቻ ሳይሆን ሞተሩም ነው የሚሄደው። ካርተሩን አስወርጂና ወንፊቱን አሳይ። ሞተር ሲነሳ የዘይት መብራቱ ለመጥፋት የሚዘገይ ከሆነ ዛሬውኑ አታንቀሳቅሽው።

አንድ የደህንነት ነገር፣ ልጆች ስለምትጭኚ። የቱርቦው ማኅተም ክፉኛ ከለቀቀ ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እያቃጠለ ራሱን በራሱ ማስጮህ ሊጀምር ይችላል። ቁልፍ ብታጠፊም አይጠፋም። ማንዋል ከሆነ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገሽ ከፍተኛውን ማርሽ አስገቢና ፍሪሲዮኑን ልቀቂው፣ ታንቆ ይጠፋል። አውቶማቲክ ከሆነ ልጆቹን አውርደሽ ራቁ። እጅ ወደ አየር መሳቢያው ፈጽሞ አይቅረብ።

የሰንዳፋዋ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሰማያዊ ጭስ ጠዋት ጠዋት አለ። ነገ ልጆቹን በሌላ መኪና አስመላልሳለሁ፣ ካርተሩን አስወርዳለሁ።

የሱሉልታ ልጅ

ጋሼ ያሉኝን አደረግሁ። ኦቢዲዋን ከጓደኛዬ ተውሼ ስልኬ ላይ አየሁ። ቁልፍ ከፍቼ ሱሉልታ ላይ ማፑ 74፣ የከባቢ አየሩም 74። ስለዚህ ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት ነው።

ከዚያ ጭኜ ከድል በር ወጣሁ፣ ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ ቁጥሩን ያነብልኛል። ታች ላይ የታዘዘውና የመጣው አብረው ይሄዳሉ። ዳገቱ ሲጠነክር የታዘዘው 190፣ የመጣው 150። ከዚያ እየወረደ 135 ደረሰ፣ ወዲያው ሊምፕ ሞድ።

ጎማዎቹን ዳበስኩ። ከኢንተርኩለሩ የሚወጣው ጎማ ክላምፕ ስር ዘይት የጠገበ አቧራ አለ። ዘንጉ ሞተር ሲነሳ ይንቀሳቀሳል፣ ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ቀስ እያለ። የአየር ፊልትሮው ደግሞ አቧራ ብቻ ነው፣ የእኛ ሰፈር መንገድ በበጋ ይታወቃል።

ዱከም ጎሚስታ

ሰላም። ጎማ ቤት አለኝ። የአየር ጎማው ላይ ያለውን ፍሳሽ በቀላሉ ታገኘዋለህ። ለጎማው አፍ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ክዳን ፈልግ፣ መሃሉን ብሳና የመኪና ጎማ ቫልቭ ግጠምበት። ከቱርቦው መግቢያ ላይ አስረህ በኮምፕረሰር አየር ስጥ። ሳሙና ውሃ ስትቀባው የሚያፈሰው ቦታ አረፋ ያወጣል። ብዙ ሰው በዚህ ረድቻለሁ።

መካኒኩ ከለገጣፎ

ዱከም ዘዴህ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ግፊቱን ተጠንቀቁ። ጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር ጎማ ሊነፋ ነው የተዘጋጀው። ለዚህ ግማሽ ባር ይበቃል፣ ከአንድ ባር በፍጹም አትለፉ። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል። ፊት ለፊቱ አትቁሙ።

የሱሉልታ ልጅ፣ ቁጥሮችህ በጣም ግልጽ ናቸው። አንተ ያለህ ዓይነት ቱርቦ ላይ ቫኪዩም ዘንጉን ሲስብ ውስጥ ያሉት ምላጮች ይጠባሉ፣ ጭሱ በኃይል ይመታል፣ ግፊት ይመጣል። ቫኪዩሙ ሲያንስ ምላጮቹ ተከፍተው ይቀራሉ፣ ግፊትም የለም። ግማሽ ድረስ ብቻ መሄዱ ቫኪዩሙ መንገድ ላይ እያለቀ ይመስለኛል። ከቫኪዩም ፖምፓው ጀምረህ እስከ ሶሌኖይዱ (ቫኪዩሙን በኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚለቅ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ቫልቭ)፣ ከሶሌኖይዱ እስከ ቱርቦው ያሉትን ቀጫጭን ጎማዎች አንድ በአንድ አውጥተህ እጠፋቸው። በተለይ ሙቀት ያለበት፣ ጭስ ማኒፎልዱ አጠገብ የሚያልፈውን። ስታጥፈው ስንጥቅ ከታየ አገኘኸው።

ስትቀይር የቫኪዩም ጎማ ግዛ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነውን። የነዳጅ ስስ ጎማ አትግጠም፣ ሲሳብ ይጨማደድና ይዘጋል። ክላምፑንም ቀይረው፣ የአየር ፊልትሮውንም።

የሱሉልታ ልጅ

አገኘሁት! ከሶሌኖይዱ ወደ ቱርቦው የሚሄደው ጎማ ሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ስር ሙሉ በሙሉ ተሰነጣጥቋል፣ ሳጥፈው ተበጠሰ። እሱን ቀየርኩ። ክላምፑንና ፊልትሮውንም ቀየርኩ። «ፉሽሽ» የሚለው ድምፅ ጠፋ። ጭኜ ወጣሁ፣ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ጨረስኩት። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ግን አላለቀም። በሳምንቱ ማብቂያ አዳማ ሄጄ ስመለስ ፈጣን መንገዱ ላይ እያፈጠንኩ እንደገና ሊምፕ ሞድ ገባች። አሁን ኮዱ ፒ0234 ነው። የታዘዘው 180፣ የመጣው 215። ይሄ ደግሞ ምንድነው?

ቡራዩ 4በ4

አሁንማ ቱርቦው ነው። ጋራዦቹ ልክ ነበሩ ማለት ነው። የእኔ አዲሱ ሴንሰርም 77 ነው የሚያነበው ለካ፣ ዛሬ አየሁት።

መካኒኩ ከለገጣፎ

አይደለም፣ አሁንም ቱርቦው ሞቷል ማለት አይቻልም። እንዲያውም ቱርቦው ግፊት በደንብ እንደሚሠራ አሁን አይተናል።

የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ቫኪዩሙ ለረጅም ጊዜ ደካማ ስለነበር ምላጮቹ በቅጡ አልተንቀሳቀሱም። ባልተንቀሳቀሱበት ክፍል ላይ ጥላሸት ተጋግሯል። አሁን ቫኪዩሙ ሙሉ ሲሆን እስከ ጥግ ይሳባሉ፣ ሲለቀቁ ግን ጥላሸቱ ይይዛቸዋል፣ ቶሎ አይከፈቱም። ስለዚህ ግፊቱ ይበዛል። ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩ ቀዝቅዞ መጎተቻ ዘንጉን ምላጮቹን ከሚያዞረው ክንድ አላቅቅና ክንዱን በጣትህ አንቀሳቅሰው። ከጥግ እስከ ጥግ ያለ ምንም መያዝ መሄድ አለበት። መሃል ላይ የሚይዝ፣ የሚቆርጥ ነገር ከተሰማህ ጥላሸት ነው።

ከያዘ ቱርቦው ወርዶ የጭስ ጎኑ ተከፍቶ ይጸዳል። ከመከፈቱ በፊት የጭስ ጎኑ ቤትና የቱርቦው አካል የተገናኙበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረግ፣ ያለዚያ ሲገጠም አቅጣጫው ይዞራል። ምላጮቹ በብረት አይፋቁ። ጋስኬቶቹ አዲስ ይሁኑ። ተመልሶ ሲገጠም በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ይሞላና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ሳይነሳ በስታርተር ይዞር። ይህን የሚዘል መካኒክ ካገኘህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

እባክህ አንድ ነገር ስማኝ። ክንዱ ማረፊያ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን በዳዶ ታስራ ታያለህ። አትንካት። ማንም ሰው «ትንሽ ላስተካክልልህ» ቢልህ አታስነካት። ያቺ ብሎን ፋብሪካ ውስጥ በመለኪያ ማሽን የተስተካከለች ናት። በካቻቢቴና በግምት የምትነካ ነገር አይደለችም። እሷ ከተዛባች በኋላ ኮዱ አንዴ ፒ0299 አንዴ ፒ0234 እያለ ሲያመላልስህ ይኖራል።

የሱሉልታ ልጅ

ክንዱ መሃል ላይ በትክክል ይይዛል ጋሼ፣ እንዳሉት። ሰፈር ያለ አንድ ጠንቃቃ መካኒክ አገኘሁና እርስዎ የጻፉትን ስልኬ ላይ አሳየሁት። አንብቦ «በዚሁ ነው የምንሠራው» አለኝ። ሲከፈት ምላጮቹ ዙሪያ የደረቀ ጥላሸት ነበር። የሚሽከረከረው ዘንግ ግን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አይነቃነቅም፣ እሱ ላይ የሚዞረው ምላጭም ንጹሕ ነው። አጸዳው፣ ገጠመው፣ ዘይቱን ሞላ።

ትናንት ጭኜ እንጦጦን ወጣሁ፣ ወንድሜ ቁጥሩን እያነበበ። 190 ሲታዘዝ 186፣ 188። አንድም ጊዜ አልተለያዩም። መብራቱም የለም። ሌላ የምጠነቀቀው ነገር አለ?

መካኒኩ ከለገጣፎ

ደስ ብሎኛል ወንድሜ፣ ከልቤ ነው። ዳገት ጨርሰህ ወዲያው አታጥፋት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆማ ትሥራ፣ የጋለው ቱርቦ በዘይት ይቀዝቅዝ። ዘይቱን በወቅቱ ቀይር፣ በበጋ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ እይ። አልፎ አልፎም መንገድ ሲገኝ በደንብ እርገጣት፣ ምላጮቹ ይንቀሳቀሱ።

የሰንዳፋዋ

ጋሼ ካርተሩ ወረደ። ወንፊቱ ግማሽ በግማሽ ተደፍኗል፣ ዘይቱም እንዳሉት ወፍሯል። ኢንጀክተሮቹ ሊወጡ ነው። የዘይት ቱቦዎቹንም አብረን እየቀየርን ነው።

መካኒኩ ከለገጣፎ

በጊዜ ደረስሽ እህቴ። ማኅተሞቹ አራቱም ይቀየሩ፣ አንዱ ብቻ አይደለም። ኢንጀክተሩ የሚቀመጥበትም ቦታ ይጽዳ፣ ካልጸዳ አዲሱም ማኅተም ያፈሳል። ሲጨርሱ አዲሱን ዘይት ቶሎ አስቀይሪው፣ ውስጥ የቀረው ቆሻሻ ወደዚያ ነው የሚታጠበው።

ሰበታ 27

ሰላም ጋሼ፣ እኔም ሊምፕ ሞድ ነው። ፒ0087 ነው የሚለው። ጎማዎቹን በሳሙና ውሃ ልፈትሽ?

መካኒኩ ከለገጣፎ

አይ፣ ያንተ ነዳጅ ነው፣ የአየር ጎማዎቹን ተዋቸው። የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይር፣ ታች ያለውን ውሃ አውጣ፣ ምን ያህል ውሃ እንደወጣ ንገረኝ። ሞተርህ የትኛው እንደሆነም ጻፍልኝ።